የቄራ ማህተም የማይደርስበት ተሕዋስ፦ ሳልሞኔላ ከበረት እስከ ማዕድ

በወላይታ ጥሬ ሥጋ ከምግብነት ያለፈ ቦታ አለው። ዘመድ የሚሰበሰብበት፣ እንግዳ የሚከበርበት፣ አሮጌው ዓመት ተሸኝቶ አዲሱ የሚታይበት ማዕድ ነው። ለጊፋታ በዓል አባወራው ለሰንጋ መግዣ፣ እማወራዋ ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥቡ ይከርሙና መስከረም ሲጠባ ጎረቤት ከጎረቤት ተቧድኖ ሰንጋ ይጥላል። ከበዓልም ውጭ ቢሆን በወላይታ ሶዶ፣ በቦዲቲም ሆነ በአረካ ሉካንዳ ቤት ለሚቀመጥ እንግዳ አስቀድሞ የሚታዘዝለት ቁርጥ በዳጣ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ባህል ለመንቀፍ አልተሰናዳም። የተሰናዳው አንድ ጥያቄ ለማብራራት ነው፤ በቄራ ታርዶ፣ በባለሙያ ተመርምሮና ማህተም ተመቶበት የወጣ ሥጋ እንዴት ሰው ሊያሳምም ይችላል?

መልሱን ለማግኘት የሥጋ መርማሪው ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ይገባል። በቄራ የሚሠራው የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንስሳው በሕይወት ሳለ አቋሙን፣ አተነፋፈሱንና አካሄዱን ይመለከታል። ከዕርድ በኋላ ደግሞ በዓይኑ፣ በጣቱና በቢላዋው ይሠራል። የመንጋጋ፣ የምላስ፣ የልብና የትከሻ ጡንቻን ሰንጥቆ የኮሶ ትል እጭ መኖር አለመኖሩን ያያል፤ ሳንባውን ዳስሶ የሳንባ ነቀርሳ እባጭ ይፈልጋል፤ ጉበቱን ከፍቶ የጉበት ትል ያጣራል። እነዚህ ሁሉ የሚታዩ ወይም የሚዳሰሱ ናቸው። የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ግን ርዝመቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺኛ ያህል ብቻ ነው። የሥጋውን ቀለም አይለውጥም፤ ሽታ አያመጣም፤ ጣዕሙንም አይነካም። ስለሆነም ማህተሙ የሚመሰክረው በዓይን የሚታይ በሽታ አለመገኘቱን ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማህተም የሌለው ሥጋ ገዝቶ መብላት ኮሶንም ሳንባ ነቀርሳንም አብሮ መግዛት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ማህተሙ ሥጋው ከባክቴሪያ ነጻ ነው አይልም፤ ሊልም አይችልም።

ነገሩን የሚያከብደው ሕዝባችን ኮሶን በሚገባ ማወቁ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ኮሶ እንደሚይዘው ያውቃል፤ መድኃኒቱንም ያውቃል፤ ቀድሞ በኮሶ ዛፍ አበባ፣ ዛሬ ከፋርማሲ በሚገዛ እንክብል ይሽራል። በዚህም ምክንያት የጥሬ ሥጋ ጣጣ ሁሉ በአንድ እንክብል የሚያበቃ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሳልሞኔላ በዚያ ስሌት ውስጥ አይገባም።

ሳልሞኔላ ምንድን ነው?

ስሙ ሳልሞን ከሚባለው ዓሣ ጋር አንዳችም ዝምድና የለውም። እ.ኤ.አ. በ1885 በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪም የነበሩት ዳንኤል ሳልሞንና ረዳታቸው ቴዎባልድ ስሚዝ ባክቴሪያውን ከታመሙ አሳማዎች ለይተው አወጡት። የላቦራቶሪውን ሥራ የሠራው ስሚዝ ቢሆንም ለባክቴሪያው መጠሪያ የሆነው የአለቃው ስም ነው። ዛሬ ከ2500 በላይ የሳልሞኔላ ዓይነቶች ተለይተው ይታወቃሉ። መኖሪያቸው በዋናነት የእንስሳትና የሰው አንጀት ሲሆን ከዚያ በእዳሪ አማካይነት ወደ አፈር፣ ወደ ውሃ፣ ወደ መኖና ወደ ምግብ ይሸጋገራሉ።

ባክቴሪያው የሚራባው በ7 እና በ46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ሲሆን ይበልጥ የሚመቸው የሰውነት ሙቀት ያህል፣ ማለትም ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ነው። ሁሉ ነገር ሲመቸው በየ20 ደቂቃው ገደማ እጥፍ ይሆናል። አንዷ ባክቴሪያ በዚህ ፍጥነት ብትራባ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ትሆናለች ማለት ነው። ቅዝቃዜ መራባቱን ይገታዋል እንጂ አይገድለውም፤ በረዶ ቤት የከረመ ሥጋ ሲሟሟ ባክቴሪያው ካቆመበት ይቀጥላል። የሚገድለው ሙቀት ነው። የምግቡ መሀል 70 ዲግሪ ከደረሰ ሳልሞኔላ አይተርፍም። ወላይታ ሶዶ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ቢሆን ለሳልሞኔላ ከበቂ በላይ ነው።

በቄራና በቅርጫ ላይ

ጤነኛ በሬ ጡንቻው ውስጥ ባክቴሪያ አይኖረውም ማለት ይቻላል። ሳልሞኔላ የሚገኘው በአንጀቱ፣ በእዳሪውና እዳሪ በነካው ቆዳው ላይ ነው። በሬው ራሱ አንዳች የሕመም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ከቆላ ወረዳዎች ገበያ ተገዝቶ ረጅም መንገድ በእግሩ የተነዳ ወይም በጭነት መኪና ታጭቆ የመጣ፣ ከዚያም ከማያውቃቸው ከብቶች ጋር በአንድ ጉረኖ ያለ መኖ ያደረ በሬ ድካሙና ጭንቀቱ ባክቴሪያውን በብዛት እንዲያወጣ ያደርገዋል። አንዱ ያወጣው እዳሪ የሌላውን ቆዳ ይቀባል። በማግሥቱ ሲታረድ ቆዳው የተገፈፈበት ቢላዋ ሳይታጠብ ሥጋውን ይቆርጣል፤ አንጀት ሲወጣ ይቀደዳል፤ አንድ ባልዲ ውሃ ለብዙ በሬ ይውላል፤ ሬሳው ተሰቅሎ በመበለት ፋንታ ወለል ላይ ይገላበጣል። ሳልሞኔላ ከአንጀት ወደ ሥጋ የሚሻገርበት ድልድይ ይኸው ነው፤ ድልድዩን የሠራው ደግሞ የእጅ አሠራር እንጂ የበሬው በሽታ አይደለም።

ይህ በግምት የሚነገር አይደለም። በወላይታ ሶዶ ከተማ ቄራ በሚገኝ ጥሬ የበሬ ሥጋ ላይ የተካሄደ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም አቀፍ የጤና መጽሔት ታትሟል። ተመራማሪዎቹ በሥጋው ላይ ሳልሞኔላ ማግኘታቸውን ብቻ ሳይሆን ከተገኙት መካከል በተለምዶ የሚሰጡ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን የሚቋቋሙ እንዳሉም አሳይተዋል። በሌሎች የአገራችን ከተሞች ቄራዎች የተደረጉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር ስላሳዩ ሶዶ የተለየ ነውር የለባትም፤ እውነቱን ግን ከራሷ ቄራ በወጣ ማስረጃ ለማወቅ ችላለች።

አንድ ቄራ ምን ያህል ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት ወደ ስዊድን መሻገር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1953 በበጋ ወቅት አልቬስታ በተባለች ትንሽ ከተማ ከሚገኝ አንድ ቄራ የወጣ ሥጋ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በሳልሞኔላ አሳመመ፤ 90 ያህሉ ሞቱ። ስዊድን ያኔም ድሃ አገር አልነበረችም፤ መርማሪም ማህተምም ነበራት። ከዚያ መቅሠፍት በኋላ አገሪቱ ቁጥጥሯን ከከብት መኖ ጀምራ እስከ ዶሮ ቤትና እስከ ቄራ ዘረጋችው፤ ዛሬ በእንስሳቷ ውስጥ ሳልሞኔላ እጅግ አነስተኛ ከሆነባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት።

ወደ ሉካንዳችን ስንመለስ ሰዓት ወሳኝ ነው። ሥጋው ከቄራ የሚወጣው ሌሊት ወይም ማለዳ ነው። ተሰቅሎ የሚውለው ደግሞ ያለ ማቀዝቀዣ ነው። የሶዶ አየር ቀዝቀዝ ያለ በመሆኑ ባክቴሪያው ቶሎ ላይራባ ይችላል፤ በሁምቦ፣ በበሌና በአባያ ዳርቻ ቆላዎች ግን ሙቀቱ ለሳልሞኔላ የተመቻቸ ነው። ማለዳ የተበላ ቁርጥና አመሻሽ ላይ ከዚያው ብልት የተቆረጠ ቁርጥ እኩል አይደሉም።

የአቆራረጡም ነገር ለውጥ አለው። ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚቀመጠው በሥጋው ገጽ ላይ ስለሆነ ገጹ ተገፎ ከመሀል የተቆረጠ ወፍራም ብልት የሚሸከመው ያነሰ ነው። ሥጋ ሲከተፍ ግን በገጹ ላይ የነበረው ሁሉ ከመሀሉ ጋር ይደባለቃል፤ በመክተፊያውና በቢላዋው ላይ የነበረውም ይጨመርበታል። ለዚህም ነው ጥሬ ክትፎ ከቁርጥ ይልቅ የሚያሰጋው። ለብለብ የተደረገ ክትፎም ቢሆን ቅቤው ሞቀ እንጂ ሥጋው 70 ዲግሪ አልደረሰም።

ዳጣስ? አረቄስ? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ስለ ጥሬ ሥጋ መጻፍ በወላይታ አያስኬድም። በዳጣ ውስጥ ያሉት ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የባክቴሪያን ዕድገት በመጠኑ የሚገቱ ንጥረ ነገሮች እንዳሏቸው ይታወቃል። ነገር ግን ለመግታት ጊዜና መጠን ይፈልጋሉ። ሥጋው ዳጣ ነክቶ አፍ እስኪገባ ያለው ጊዜ የጥቂት ሰከንድ ነው። አረቄም ጨጓራ ውስጥ ሲደርስ ከምግቡና ከፈሳሹ ጋር ተቀላቅሎ ይቀጥናል፤ ባክቴሪያ ለመግደል የሚያስፈልገው ጥንካሬ አይቀርለትም። የሎሚውም ነገር ያው ነው። በእውነት የሚከላከልልን የራሳችን የጨጓራ አሲድ ነው፤ ስለዚህም ለጨጓራ ሕመም አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከሌላው ሰው ባነሰ የባክቴሪያ ቁጥር ሊታመሙ ይችላሉ። ይህን የሚያውቅ የጨጓራ ታማሚ ጥቂት ይመስለኛል።

እንግዲህ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። ከስጋት ፈጽሞ ነጻ የሆነ ጥሬ ሥጋ የለም። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያን፣ የስኳር ሕመም ላለባቸውና በኤች አይ ቪ ምክንያት የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎች ጥሬ ሥጋ ማጉረስ ፍቅር ቢመስልም አደጋ ነው፤ ለእነርሱ ከዚያው ብልት በደንብ የበሰለ ጥብስ ይሠራላቸው። ጤነኛው ጎልማሳ የራሱን ውሳኔ ይወስናል። የኔ ግምት ግን ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከተመጋቢው ሳይሆን ከቄራው ነው። በሬው ከዕርድ በፊት ቢያርፍ፣ ውሃ እየጠጣ መኖ ቢከለከል፣ ቆዳ የሚገፍና ሥጋ የሚበልት ሰው ቢለያይ፣ ሬሳው ቢሰቀል፣ ቢላዋ በሚፈላ ውሃ ቢነከር፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ተመጋቢው ላይ ብቻ መፍረድ ቀላል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ሁሉ የሚያነጣጥረው በእርሱ ላይ ነው።

በቅርጫ የሚታረደው በሬ ደግሞ መርማሪም ቄራም የለውም። በየሰፈሩ በዕርዱ የሚታወቁ ሰዎች ይህን ይያዙ፤ በሬው ከዋዜማው ጀምሮ ሣር ሳይሰጠው ውሃ ብቻ ይጠጣ፣ አንጀቱ ባዶ ሲሆን በቀላሉ አይቀደድም። የጉሮሮው ቧንቧና የፊንጢጣው ጫፍ በገመድ ታስረው ይውጡ። ሥጋው የሚዘረጋበት የእንሰት ቅጠል ከጓሮ ተቆርጦ የመጣ፣ መሬት ያልነካና እበት ያልደረሰበት ይሁን። ሆድቃው ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ርቆ ይታጠብ። ከተቻለም የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስቀድሞ መጥራት ነው።

ዶሮና እንቁላል

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ ከሆነ ወዲህ ዶሮ ማርባት በዞናችን የወጣቶችና የሴቶች ሥራ ሆኖ በስፋት ገብቷል። የ45 ቀን ጫጩት ተረክቦ በትንሽ ቤት ማሳደግ በገጠር ቀበሌም በሶዶ ጓሮም የተለመደ ሆኗል። ቀድሞ ግቢ ለግቢ እየጫሩ የሚኖሩት አምስትና ስድስት የአበሻ ዶሮዎች ዛሬ በአንድ ጣራ ሥር መቶና ሁለት መቶ ሆነዋል። ለሳልሞኔላ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

በዶሮ ላይ ያለው ሳልሞኔላ ሁለት መልክ አለው፤ አርቢውም ሸማቹም ይህን ልዩነት ቢያውቅ ብዙ ስህተት ይቀራል። አንደኛው ዓይነት ዶሮን የሚገድል ነው። የወፎች ታይፎይድ የሚባለው በሽታ ያደጉ ዶሮዎችን ድንገት ያረግፋል፤ ኩክኒያቸው ይነጣል፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይይዛቸዋል፣ እንቁላል ይቀንሳሉ። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ፑሎረም ደግሞ ጫጩቶችን በነጭ ተቅማጥ ይፈጃል። በገጠር ዶሮ በጅምላ ሲሞት ሁሉ ‹‹ፈንግል ነው›› ይባላል፤ ፈንግል ግን በቫይረስ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው፤ ክትባቱም ሌላ ነው። ለፈንግል የከተበ ሰው ዶሮዎቹ በታይፎይድ ሲያልቁበት ክትባቱ የተበላሸ ይመስለዋል። እነዚህ ዶሮ ገዳይ ዓይነቶች ሰውን የሚያሳምሙት እምብዛም ነው። የሞተ ዶሮ መብላት ግን በምንም መልኩ አይገባም፤ የገደለው ምን እንደሆነ በዓይን አይታወቅምና።

ሁለተኛው ዓይነት የዚህ ተቃራኒ ነው። ኢንተሪቲዲስና ታይፊሙሪየም የሚባሉት ሳልሞኔላዎች ባደገች ዶሮ አንጀት ውስጥ ሳያሳምሟት ይኖራሉ። ዶሮዋ ትበላለች፣ ትወፍራለች፣ እንቁላል ትጥላለች። ሰው ሲገባባቸው ግን ይታመማል። ከዚህም ኢንተሪቲዲስ ከዶሮዋ የእንቁላል ማኅፀን ገብቶ ቅርፊቱ ሳይሠራ በፊት በአስኳሉ አካባቢ ሊቀመጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለው እንቁላል ከውጭ ንጹሕ፣ ቅርፊቱም ጤነኛ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1988 አንዲት የጤና ሚኒስቴር ባለሥልጣን የአገሪቱ እንቁላል አብዛኛው በሳልሞኔላ የተበከለ ነው ብለው በመናገራቸው የእንቁላል ገበያ ወደቀ፤ እርሳቸውም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። አነጋገራቸው ቢጋነንም ችግሩ እውነት ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ የእንቁላል ጣይ ዶሮዎች ክትባት በስፋት ሲጀመር በሽታው በግልጽ ቀነሰ።

ለአርቢዎቻችን ከሁሉ የሚቀድመው የጫጩት ምንጭ ነው። ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ጫጩቶችን ከመንገድ ገዝቶ ካሉት ጋር መቀላቀል በሽታን በገንዘብ መግዛት ነው። አዲስ የመጡ ዶሮዎች ለሁለት ሳምንት ያህል ለብቻቸው ይቆዩ። አሮጌዎቹ ሳይወጡ አዲሶቹን አለማስገባት፣ ቤቱንም በመሀል አጥቦና ኖራ ቀብቶ ማድረቅ ይመረጣል። አይጥ የሳልሞኔላ ዋና አመላላሽ ስለሆነች መኖ በክዳን ይቀመጥ። ለዶሮ ቤት ብቻ የሚውል ቦቲ ወይም ነጠላ ጫማ በራፉ ላይ ማኖር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል። የወፎች ታይፎይድ ክትባት በቢሾፍቱ በሚገኘው የአገሪቱ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል። ክትባቱ ሕይወት ያለው የተዳከመ ባክቴሪያ ስለሆነ በተሰጠ ሰሞን ለዶሮዎቹ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በውሃ ከተሰጣቸው መድኃኒቱ ክትባቱን ራሱን ይገድለዋል፤ ብዙ ብር የወጣበት ክትባት በዚህ መንገድ ከንቱ ሊቀር ይችላል።

በጓሮ የሚያረቡ ቤተሰቦች ደግሞ ልጆቻቸውን ይዩ። ዶሮ በሚያድርበት ቤት ወለል ላይ የሚድህ ሕፃን ኩሱን በእጁ ነክቶ ወደ አፉ ይወስዳል። ጫጩት አቅፎ መሳም የሚወድ ልጅም እንዲሁ። ዶሮ የራሷ ማደሪያ ቢኖራት ለእንቁላሏም ለልጁም ይበጃል።

በማዕድ ቤት ውስጥ ያለው ነገር ከሚፈራው ይለያል። ዶሮ ወጥ ለሰዓታት የሚበስል ስለሆነ ከወጡ የሚተርፍ ሳልሞኔላ አይኖርም። አደጋው ያለው ከመብሰሉ በፊት ነው፤ ዶሮዋ በሎሚና በጨው ሲደጋገም በምትታጠብበት ውሃ፣ ውሃው በሚረጭበት ዕቃ፣ በተበለተችበት ቢላዋ ላይ ነው። በዚያው ቢላዋ ለሰላጣ የሚሆነው ቲማቲምና ቃሪያ ከተቆረጠ ባክቴሪያው እሳት ሳይነካው ማዕድ ላይ ቀረበ ማለት ነው። በበዓል ማግሥት ሰው ‹‹ዶሮው ከበደኝ›› ብሎ ሲያማርር ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሰላጣው ሊሆን ይችላል። ሰላጣው አስቀድሞ ተቆርጦ ቢከደን፣ ዶሮው ከኋላ ቢበለት ነገሩ ይቃለላል።

እንቁላል በደንብ የተቀቀለ ወይም አስኳሉ እስኪጠነክር የተጠበሰ ከሆነ አያሰጋም። ለጉንፋን ወይም ለጉልበት ተብሎ በጥሬው የሚጠጣው ግን ያሰጋል። በከተማ ምግብ ቤቶች በጥሬ እንቁላል ተመትቶ ያለ ማቀዝቀዣ የሚውለው ማዮኔዝም ከዚሁ ይመደባል። ኩስ የነካውን እንቁላል በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ቅርፊቱ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ባክቴሪያው ወደ ውስጥ እንዲሳብ ስለሚያደርግ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል። የተሰነጠቀውን ሳያሳድሩ በደንብ አብስሎ መብላት ነው።

ወተት፣ ጥጃና ዳርኮዋ

የታለበ ወተት ንጹሕ የሚሆነው ጡቱና እጁ ንጹሕ ሲሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ከፈላ ሳልሞኔላ ይሞታል፤ ሳንባ ነቀርሳና ውርጃ የሚያመጣው ብሩሴላም አብረው ይሞታሉ። እርጎ ሲኮመጥጥ አሲዱ ባክቴሪያውን ይገታል፤ ቀስ በቀስም ይቀንሰዋል። ነገር ግን ጥሬው ወተት ለመርጋት በሚወስድባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት አሲዱ ገና ስላልበረታ ሳልሞኔላ ቀድሞ ሊራባ ይችላል። ወተቱን አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከደህና እርጎ ጥቂት ጨምሮ ማርጋት ሁለቱንም ያስታርቃል። እናቶቻችን የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ማጠናቸውም ለሽታ ብቻ አይደለም፤ ጭሱ በዕቃው ግድግዳ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎችን ይቀንሳል።

በጥጃ ላይ ሳልሞኔላ ጨካኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ የሚሸት ተቅማጥ፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ ሲታይ ጥጃው በጥቂት ቀን ሊሞት ይችላል። ትልቁ መከላከያ እንገር ነው፤ ጥጃው በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካልጠባ በኋላ የሚሰጠው እንገር አንጀቱ የመከላከያ ንጥረ ነገሩን ወደ ደም ማሳለፍ ስለሚያቆም ጥቅሙ ይቀንሳል። ‹‹የመጀመሪያው እንገር ያስቀምጠዋል›› ብለው ለጥጃው የሚነፍጉ ሰዎች ይህን ቢሰሙ መልካም ነው።

በወላይታ የእርሻ ሥርዓት የሰፈር ዳር ማሳ የሆነው ዳርኮዋ በፋንድያና በእበት ይለመልማል፤ ራቅ ያለው ሾቃ ደግሞ እምብዛም ፍግ አያገኝም። ይህ ለዘመናት የተፈተነ ጥበብ ነው፤ እንሰቱም ቡናውም የቆሙት በእርሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ትኩስ እበት ወይም የዶሮ ኩስ በጥሬው በሚበሉ አትክልቶች ላይ ሲፈስ ነው። ቆጮና ቡላ እሳት ያያሉ፤ ሰላጣ፣ ካሮትና ቃሪያ ግን አያዩም። ሳልሞኔላ እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ ለሳምንታት፣ ሲመቸውም ለወራት ይቆያል። ፍጉ በአንድ ቦታ ተከምሮ፣ እየተገላበጠ መሀሉ እስኪግል ጥቂት ወራት ከበሰለ ሙቀቱ ራሱ ባክቴሪያውን ይፈጀዋል፤ የበሰለው ፍግም ለማሳው ይሻላል።

ሲያሳምም

የተበከለ ምግብ ከበሉ ከ6 እስከ 72 ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽና ትውከት ይመጣል። ስለዚህ የዛሬውን ሕመም ዛሬ በተበላ ምግብ ላይ መጫን ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ የትናንትናውንና የትናንት ወዲያውን ማስታወስ ያሻል። በጤነኛ ሰው ላይ ከ2 እስከ 7 ቀን ቆይቶ በራሱ ይለቃል። ሕክምናው የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው፤ አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ መጠጣት፣ ለሕፃናት ደግሞ ከጤና ኬላ የሚሰጠውን ዚንክ መጨመር። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ የማይወርድ ትኩሳት፣ የጎደጎዱ ዓይኖች፣ የሽንት መቅረት ወይም የሕፃን መዝለፍለፍ ከታየ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። በአፍሪካ በምግብ እጥረት፣ በወባ ወይም በኤች አይ ቪ በተዳከሙ ሰዎች ላይ ይኸው ተራ የሆድ ሳልሞኔላ ወደ ደም ገብቶ እንደሚገድል ይታወቃል፤ ወባ ባለባቸው የዞኑ ቆላዎች ይህ ሊዘነጋ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በተበከለ ምግብ ምክንያት በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰዎች ሲታመሙ 420 ሺህ ይሞታሉ፤ ከሕዝብ ብዛት አንጻር ሸክሙ የከበደው በአፍሪካ ላይ ነው።

በየመንደሩ ትኩሳት ሁሉ ‹‹ታይፎይድና ታይፈስ›› ይባላል። ታይፎይድም በሳልሞኔላ ይመጣል፤ ነገር ግን ታይፎይድ የሚያመጣው ዓይነት በሰው ብቻ የሚኖር ነው፤ ከሰው እዳሪ በውሃና በምግብ ወደ ሰው ይተላለፋል እንጂ ከበሬ ወይም ከዶሮ አይመጣም። ታይፈስ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ ከሱቅ በተገዛ መድኃኒት ማከም ለባክቴሪያው መላመጃ ጊዜ መስጠት ነው። በጤነኛ ጎልማሳ ላይ ለሚከሰት ተራ የሳልሞኔላ ተቅማጥ ፀረ ባክቴሪያ እንዲያውም አይመከርም፤ ባክቴሪያው በአንጀት የሚቆይበትን ጊዜ ሊያራዝም ይችላልና። በከብት ላይም ያው ነው። ከገበያ የሚገዛ ኦክሲቴትራሳይክሊን በግምት ተወግቶ፣ ሲሻለው ተቋርጦ፣ ወተቱም በማግሥቱ ለሽያጭ ሲቀርብ የሚያድገው መድኃኒት የሚቋቋመው ዝርያ ነው። በሶዶ ቄራ ሥጋ ላይ የተገኘው ዓይነት ማለት ነው።

ዶሮ ወይም ጥጃ በተከታታይ ሲሞት መድኃኒት ከመግዛት በፊት ምክንያቱን ማስመርመር ይቻላል። በወላይታ ሶዶ የክልሉ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። የሞተ ዶሮ ሳይቀደድ፣ ሳይነጭና ፀሐይ ሳይመታው በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከተቻለ በበረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ጠርሙስ ታጅቦ በዚያው ዕለት ይምጣ፤ አንድ ቀን ከዋለ ሌሎች ባክቴሪያዎች ስለሚወርሩት ምርመራው ያስቸግራል። ለጥጃ ከሆነ መድኃኒት ሳይወጋ የተወሰደ ትኩስ እዳሪ በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ይበቃል። የእንስሳቱ ቁጥር፣ የሞቱት ስንት እንደሆኑ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ምን ክትባት እንደተሰጣቸውና መኖው ከየት እንደተገዛ በወረቀት ተጽፎ አብሮ ይላክ፤ ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ከመጣ ደግሞ የናሙናው አወሳሰድም መንገዱም ይቀላል።